ኬሞታክሲስ

ኬሞታክሲስ ባክቴሪያዎች በአካባቢያቸው ያለውን የኬሚካል ክምችት ልዩነት ተከትለው ወደሚጠቅማቸው የሚቀርቡበትና ከሚጎዳቸው የሚሸሹበት እንቅስቃሴ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፕፌፈር በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክስተቱን አጥንቷል። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በሰው አንጀት ውስጥ በሚኖረው ኢ. ኮላይ ላይ የተደረገው ጥናት ነው።

የኢ. ኮላይ ርዝመት 2 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ይህን በሚያህል አካል ከፊትና ከኋላ ያለውን የስኳር መጠን ማነጻጸር አስተማማኝ አይደለም፤ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነውና። ስለዚህ ባክቴሪያው የሚያነጻጽረው ቦታን ከቦታ ሳይሆን አሁን ያለውን ከጥቂት ሴኮንዶች በፊት ከነበረው ጋር ነው። ማክናብና ኮሽላንድ በ1972 የፈሳሹን ክምችት በሁሉም በኩል እኩል አድርገው በድንገት ሲለውጡት የባክቴሪያዎቹ አካሄድ ተለወጠ።

ኢ. ኮላይ የሚሄድበትን አቅጣጫ አይመርጥም። በአካሉ ዙሪያ ፍላጀላ የሚባሉ ጥቂት ጅራፍ መሰል ጭራዎች አሉት፤ እያንዳንዱን ሥሩ ላይ ያለ ሞተር ያሽከረክረዋል። ሞተሮቹ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ሲዞሩ ጭራዎቹ አንድ ላይ ተገምደው ባክቴሪያውን ለ1 ሴኮንድ ያህል ወደፊት ይገፉታል። አንዳንዶቹ አዟዟራቸውን ሲቀይሩ ጥቅሉ ይፈታል፤ ባክቴሪያው ለ0.1 ሴኮንድ ገደማ ይገላበጥና እንደ አጋጣሚ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነሳል። ሁኔታው እየተሻሻለ ከሄደ ሳይገላበጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይዋኛል። ወደ ምግቡ የሚያደርሰው ይኸው ብቻ ነው።

መገላበጥን የሚያዘው ኪ-ዋይ የተባለ ፕሮቲን ነው። ማራኪው ኬሚካል ሲቀንስ በሽፋኑ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ፎስፌት እንዲጣበቅበት ያደርጋሉ፤ እሱም ሄዶ ሞተሩን ይይዛል። «ትዝታው» ያለው በተቀባዮቹ ላይ ነው፦ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን የኬሚካል ቡድኖች ቀስ ብለው ይጨመሩባቸዋል ወይም ይነሱላቸዋል። ይህ ሥራ ከምልክቱ ዘግየት ስለሚል የሜቲሉ ብዛት ያለፈውን ክምችት ይመዘግባል።

ጁሊየስ አድለር በ1969 እንዳሳየው፣ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር መጠቀም የማይችሉ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች እንኳ ወደ እሱ ይሳባሉ። ባክቴሪያው የሚለየው ኬሚካሉን እንጂ ከእሱ የሚያገኘውን ጥቅም አይደለም።

ኬሞታክሲስ ለበሽታም መንገድ ይሆናል። የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ አሲዱን ሸሽቶ የጨጓራን ግድግዳ ወደሚሸፍነው ንፍጥ ይገባል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ይህ ችሎታ የሌላቸው ዝርያዎች በጨጓራ ውስጥ ለመስፈር ይቸገራሉ።