የተለየ የጤና ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ህጻናት የአደራ ቤተሰብ ስለመሆን

የአደራ ቤተሰብ ማለት ከወላጆቹ የተለየን ህጻን፣ ዘላቂ መፍትሔ እስኪገኝለት ድረስ፣ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ዕውቅናና ክትትል በቤቱ ተቀብሎ የሚንከባከብ ቤተሰብ ነው። እንደ ጉዲፈቻ የልጅነትና የወላጅነት ሕጋዊ ዝምድና አይፈጥርም። አገልግሎቱ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የአማራጭ የህጻናት እንክብካቤ መመሪያ ተካቷል። የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከቀረ ወዲህ፣ ሕመም ያለባቸው ህጻናትም በሀገር ውስጥ ቤተሰብ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

በደቡብ ኦሞ

በዞኑ አንዳንድ አካባቢዎች “ሚንጊ” በሚባለው ልማድ ምክንያት ከቤተሰብ የተለዩና በጂንካ ከተማ ያደጉ ህጻናት አሉ። የካራ ማኅበረሰብ ልማዱን በ2004 ዓ.ም. ማስቀረቱ ይታወቃል። የላይ ጥርስ ቀድሞ መብቀል በሽታ አይደለም፤ ሕክምናም አያስፈልገውም። በመሆኑም ቤተሰቡ ህጻኑን በዚህ ስም ከመጥራትና ከማግለል ሊቆጠብ ይገባል።

ከርክክብ በፊት

ቤተሰቡ ህጻኑን ከመረከቡ አስቀድሞ የሚከተሉትን ሊያረጋግጥ ይገባል፦

• የሕመሙን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃና የክትባት ካርድ፤
• ቀጣዩ የቀጠሮ ቀንና ክትትሉ የሚደረግበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፤
• የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ የሚሸፈንበት አግባብ፤
• ህጻኑ የሚናገረው ቋንቋ፤ ሕመሙን መግለጽ የሚችለው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብቻ ሊሆን ይችላልና።

በቤት ውስጥ

የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይቋረጥም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በየዕለቱ በተወሰነለት ሰዓት ይወሰዳል። ኢንሱሊን ከሙቀትና ከፀሐይ መጠበቅ አለበት፤ እንደ ሐመርና ዳሰነች ባሉ ቆላማ ወረዳዎች ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ የሸክላ ዕቃን በውኃ አርሶ ስለሚጠቀምበት መንገድ የጤና ባለሙያን ሊያማክር ይችላል። ለከፍተኛ የምግብ እጥረት የታዘዘ አልሚ ምግብ የታማሚው መድኃኒት በመሆኑ ለሌሎች የቤቱ ልጆች አይከፋፈልም። የህጻኑ የጤና ሁኔታ ምስጢር ነው፤ ለጎረቤት አይነገርም።

ማመልከቻ

ፈቃደኛ የሆኑ ነዋሪዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ። ባለሙያዎች በአመልካቹ ቤት ተገኝተው የቤተሰቡን ጤንነት፣ ገቢ፣ የመኖሪያ ሁኔታና የሌሎች የቤተሰብ አባላትን ፈቃደኝነት ያጣራሉ። ከጸደቀ በኋላ ውል ይፈረማል፤ ክትትሉም ይቀጥላል።

ኃላፊነቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ቤተሰብ ለጽሕፈት ቤቱ በጊዜ ማሳወቅ ይኖርበታል። ይህ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ህጻኑን በራስ ውሳኔ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ግን ሕክምናውንም ደኅንነቱንም አደጋ ላይ ስለሚጥል አይፈቀድም።