ኢምፓላዋን በኪሎ?

ትናንት ሲኒማ ራስ አካባቢ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። የአባቱን ሼቭሮሌት ኢምፓላ ሊሸጥ ከደላላ ጋር ተቀጣጥሯል። 1964 ሞዴል፣ አራት በር፣ ወንበሯ እንኳ ያልተቀደደ። አባትየው በየሳምንቱ እያስነሱ ነው ያቆዩዋት። ደላላው አንዴ ዞራትና «ሞተሯ ሶማሌ ተራ፣ ቆርቆሮዋ ምናለሽ ተራ» ብሎ ገላገለው። ልጁ ወደኔ ዞሮ «ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ። ቡና ይዘን ያልኩትን ለእናንተም ልበል።

የሷ ሞዴል ገበያ ላይ የነበረው በእኛ በ1956 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ኢትዮጵያ በግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ ዞረች። መሪው በግራ ለሆነ የአሜሪካ መኪና መንገዱ ራሱ ተመቸው። (ከዚያ በፊት በግራ መሪ መኪና ደርቦ ማለፍን አስቡት! ሹፌሩ የሚታየው የፊተኛው መኪና ጀርባ ብቻ ነው።)

ችግሯ ጠጪነቷ ነው። የዚችኛዋ ሞተር ስምንት ሲሊንደር፣ 4.6 ሊትር ነው። በዘመኑ ታክሲ የነበረችው ፊያት ሰይቼንቶ 1 ሊትር እንኳ አትሞላም። ቤንዚን ርካሽ ሳለ ይሄ ኩራት ነበር። በ1966 የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ የዓለም ዋጋ ናረ፤ እኛም ጋ ቤንዚን በ50 በመቶ ገደማ ተጨመረበት። የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን አድመዋል፣ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም! መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም አልበረደም፤ በአስር ቀን ውስጥ የአክሊሉ ካቢኔ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በትንሿ ቮልስዋገን ነው። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጥን፣ ላዳ መጣ።

እንግዲህ ያቺ ኢምፓላ ይህን ሁሉ አልፋ ነው በአንድ ግቢ የቆየችው። አባትየው ቤንዚን ሲወደድ ያልሸጧትን ልጁ ዛሬ ፈትቶ ሊሸጥ ነው። አልፈርድበትም፤ የወራሾች ድርሻ አለ፣ ግቢውም ይፈለጋል። ግን ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይቺ ከተፈታች ሌላ አትመጣም።

«ሊብሬዋስ?» አልኩት። ቤት አለ፤ ደላላው አልጠየቀውም። ለብረት የሚገዛ ሰው ሊብሬ ምን ያደርግለታል? ስም የሚዛወረው መኪናዋ በሕይወት ስትኖር ነው።

ልጁ ቀጠሮውን ወደ ቅዳሜ ገፍቶታል። ሳትፈታ፣ እንዳለች የሚገዛት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የድለላ አልጠይቅም።