ቢያሪትዝ፦ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር እስከ ማዕበል ጋላቢዎች ከተማ

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኘው ትንሿ የባስኮች ከተማ ቢያሪትዝ በመካከለኛው ዘመን የምትታወቀው በዓሣ ነባሪ አደን ነበር። ከወደቡ በላይ ባለው አምባ የሚውሉ ጠባቂዎች፣ እንስሳው ሊተነፍስ ብቅ ሲል የሚረጨውን ውሃ ባዩ ጊዜ እሳት አንድደው በጭስ ምልክት ይሰጡ ነበር፤ አዳኞቹም በመቅዘፊያ ጀልባ ደርሰው በገመድ በታሰረ ጦር ይወጉታል፣ ከስቡ የሚነጠረውም ዘይት ለመብራት ይውላል። የእነዚህ ሰዎች ድፍረት ከኋለኞቹ መሳፍንት ዝና የበለጠ ሊወሳ ይገባዋል፤ የከተማዋ አርማም እስከ ዛሬ የያዘው የእነርሱን ጀልባ ነው።

ዓሣ ነባሪዎቹ ተመናምነው አደኑ ከቀረ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለእቴጌ ኡዤኒ በ1854 እ.ኤ.አ. በባሕሩ ዳር ቤተ መንግሥት ማሠራት በመጀመሩ የአውሮፓ መኳንንት በየበጋው ይጎርፉ ጀመር፤ የፕሩሲያው ቢስማርክም በ1865 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የመከረው እዚያው ነው። ቤተ መንግሥቱ በኋላ ሆቴል ሆኗል።

ሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ የገባው በ1957 ሲሆን፣ ለፊልም ሥራ የመጣው አሜሪካዊ የፊልም ጸሐፊ ፒተር ቪርቴል ማዕበሉን አይቶ ከካሊፎርኒያ ሰሌዳ አስመጣ፤ የአካባቢው ወጣቶችም ጥበቡን ፈጥነው ተቀብለው በ1959 የመጀመሪያውን ክበብ መሠረቱ። ስፖርቱ ሥር የሰደደበት ኮት ዴ ባስክ የተባለው ዳርቻ ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ፈጽሞ ስለሚዋጥ፣ ጎብኚዎች አስቀድመው የሞላና የጎደለ ሰዓቱን ይጠይቃሉ።