የዴስክቶፕ ኮምፒውተር አነሳስና አዘጋግ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም ፒሲ ማብሪያና ማጥፊያ በሲስተም ዩኒቱ ቀኝ ጎን፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ የተገጠመ ትልቅ ቀይ እጀታ ነበር። ወደ ላይ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ይበራል፤ ወደ ታች ሲደረግ ኤሌክትሪኩ ወዲያው ይቋረጣል። ሲበራ በሮም ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ሚሞሪውንና ኪቦርዱን ይፈትሽና ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ አጭር ጩኸት ያሰማል፤ ቀጥሎ ዶስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዲስኬት ያነባል። ዲስኬት ካልገባለት ሮም ላይ ያለውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ይከፍታል። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም፤ ተጠቃሚው የመነሻ ትእዛዞቹን ከፊት በተደረደሩት ትናንሽ ማብሪያዎች አንድ በአንድ ማስገባት ነበረበት።

ዶስ የመዝጊያ ትእዛዝ አልነበረውም። ሥራው ሴቭ ከተደረገና የዲስኬቱ ቀይ መብራት ከጠፋ በኋላ ማጥፋት ይቻል ነበር። በ1983 የመጣው አይቢኤም ኤክስቲ ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ስለነበር ሌላ ጥንቃቄ አስፈለገ። ኃይል ሲቋረጥ የማንበቢያው ጭንቅላት ዲስኩ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከቦታ ቦታ ከመወሰዱ በፊት ጭንቅላቱን ፋይል ወደሌለበት ክፍል የሚያሸሽ ፕሮግራም ይከፈት ነበር። ኋላ የመጡት ዲስኮች ይህን ራሳቸው ማድረግ ጀመሩ።

የባሰው አደጋ ግን ከሚሞሪ መጣ። በ1993 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 6 ሥራን ለማፋጠን ሲል ወደ ዲስክ መጻፍ ያለበትን ለጥቂት ሴኮንዶች ሚሞሪ ላይ ያቆይ ነበር። ተጠቃሚው የትእዛዝ መስመሩ ተመልሶ ሲመጣለት «አለቀ» ብሎ ያጠፋል፤ ፋይሉ ግን ገና አልተጻፈም። በዚያው ዓመት የወጣው 6.2 ጽሕፈቱ ሳያልቅ የትእዛዝ መስመሩ እንዳይመለስ አደረገ። ትንሽ ብትመስልም የብዙ ሰው ልፋት ያዳነች እርማት ናት።

ዊንዶውስ 95 መዝጊያውን በስታርት ሜኑ ውስጥ አስገባ። ፕሮግራሞቹ ተዘግተው፣ በሚሞሪ የቀረው ተጽፎ ሲያበቃ «አሁን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ብርቱካናማ ጽሑፍ ይመጣል፤ ማብሪያውን የሚያጠፋው ግን አሁንም የሰው እጅ ነበር። ይህን ያስቀረው ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ደረጃ ነው። አዝራሩ ከዚያ ወዲህ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይሰጣል እንጂ ኤሌክትሪክ አይቆርጥም፤ ለአራት ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ሲያዝ ብቻ በግድ ያጠፋል። ጠፍቶም ቢሆን 5 ቮልት ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚቀር፣ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት መነቀል አለበት።

መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አያድንም። በኢትዮጵያ ቢሮዎች ከዴስክቶፑ ሥር ዩፒኤስ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ የሚሰጠውም ጊዜ ሥራውን ሴቭ አድርጎ በወጉ ለመዝጋት እንጂ እንደ ልብ ለመቀጠል አይደለም።

በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ሻት ዳውን ሲባል የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ሲበራ ያንኑ ይመልሳል። በፍጥነት የሚነሳውም በዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የሚነሳው ሪስታርት ሲደረግ ስለሆነ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ቴክኒሻኖች ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት ያዛሉ።