ጨዋታ፣ መንግሥትና የርዳታ እህል በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ



እኛ የከተማ ጸሐፊዎች ጉዳይን ሁሉ በየመዝገቡ ለይቶ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ጋዜጣም በእጃችን ሲገባ የመንግሥቱ ጉዳይ በፊተኛው ገጽ፣ የረሃቡና የርዳታው ወሬ በመካከሉ፣ ስፖርቱ ደግሞ በመጨረሻው ተለይቶ እናገኘዋለን፤ አንዱን ስናነብ ሌላውን እንረሳለን። በደቡብ ጎንደር በስተምሥራቅ በሚገኙት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ሰው ከገበያ ሲመለስ እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድ አፍ ያወራቸዋል። ስለ ጨዋታ የጀመረው ቃል ስለ ሹም ሆኖ ይቀጥላል፤ ስለ ሹም የተነገረውም በርዳታ ስንዴ ላይ ያርፋል። ይህን የሚሰማ የከተማ ሰው ባላገሩ ነገር ያደባልቃል ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ዳሩ ግን ታሪኩን መለስ ብሎ ለተመለከተው ሰው ነገሩን ያደባለቀው ባላገሩ አለመሆኑ ይገለጥለታል።

አገሩን ላላዩት ጥቂት ልንገር። በምዕራብ በኩል የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ቆሞ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰዳል። በምሥራቅና በደቡብ ምድሩ እየተሰበረ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ብርድ ውስጥ ስትቀመጥ፣ ዙሪያዋም ገብስና ድንች ሲያበቅል፣ የስማዳ ቆላ ደግሞ ማሽላውን ዘርቶ ደመና ይጠብቃል። ደጋውን ውርጭና በረዶ፣ ቆላውን የዝናብ እጥረት ይመታዋል። (በነገራችን ላይ ታላላቅ ሯጮች የወጡባት የአርሲዋ በቆጂ ከፍታ ወደ 2,800 ሜትር ነው። እንግዲህ ቀጭኑ አየር ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የነፋስ መውጫ ልጆች ማንንም ባልተከተሉ ነበር።)

በዚህ አገር ጥንታዊው የስፖርት ሜዳ አዝመራው የተነሣለት ማሳ ነው። በልደት በዓል የገና ዱላ ተይዞ፣ ሩር ተጥሎ፣ መንደር ከመንደር ይገጥማል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ቃል አይቆጣም፤ ይህ ከአባቶች የመጣ ሕግ ነው። ያሸነፈው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ሲዘልፍ ቆይቶ ከዚያ አለፍ ይልና ጭቃ ሹሙን፣ መልከኛውን፣ ግብር ሰብሳቢውን ይነካል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሕዝብ ሹሙን በዓመት አንድ ቀን በጨዋታ ስም ይከሰው ነበር። ጉግስ የባለ ፈረስ ጨዋታ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ነፃነት አይታይበትም፤ ገና ግን የእግረኛው ሸንጎ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ርዳታም ቢሆን ይህ አገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። በታች ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን የሚሰጠው ሰው የተማሪውን አገር አይጠይቀውም፤ የማንን ወገን እንደሚደግፍም አይመረምረውም። ለምኖ የተማረው ልጅ በኋላ መሪጌታ ሆኖ ቢመለስ የሚያፍርበት አንዳች ነገር የለም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ የዚህ አገር ሰው ከባሕር ማዶ የመጣውን ርዳታ የመዘነው በዚህ ሚዛን ነውና።

ታላቁ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን የቁራሹ ሥርዓት ብቻውን አልበቃም። ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ እንደ ገባ የሚነገርለት የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ግድም አገሩን አዳረሰው። የበሽታው ስም በአማርኛችን «ደስታ» መባሉ የቋንቋ ምፀት ነው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። በዚያው በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ስለ ነበር በጌምድር በጦርነትም በረሃብም ተመታ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚያ መከራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሶው ሳያልቅ አልቀረም ብለው የሚገምቱ አሉ። በዚያ ዘመን ከውጭ አገር የመጣልን በሽታው እንጂ እህሉ አልነበረም።

እህሉ መምጣት የጀመረው ዓለም በራዲዮና በፊልም ከተቀራረበ በኋላ ነው፤ ስፖርቱም በዚያው መንገድ መጣ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ሲወስድ፣ ሁልጊዜ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ባላገር ነገሩ ትርጓሜ አላስፈለገውም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው ዋንጫ ሲደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተሰርዛ ነበርና፣ ከእርሷ ጋራ የተመደበችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ስለዚህ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚለው ቃል በአፍሪካ ኳስ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነት ሆኖ አያውቅም።

ረሃብና ፖለቲካም እንዲሁ ናቸው። በጎረቤት ወሎ የደረሰውን እልቂት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነገሩን መሸሸግ አልተቻለም። ያው ፊልም ከግብር አዳራሽ ሥዕሎች ጋራ ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህን ያደረጉት ወታደሮች ረሃብ መንግሥትን እንደሚጥል በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ያደረጉትን የምንመረምረውም ይህን በማሰብ ነው።

እንግዲህ ወደ 1976 ዓ.ም. እንምጣ፤ ሦስቱ ነገሮች ፊት ለፊት የተገናኙት በዚያ ዓመት ነው። በመጋቢት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ገልጦ ለጋሾችን ለመነ፤ የተሰጠው መልስ አነስተኛ ነበር። በዚያው ክረምት ሶቪዬት ኅብረት ከአሜሪካ ጋራ በነበራት ቅራኔ ምክንያት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አልካፈልም ስትል ኢትዮጵያም ተከትላ ቀረች። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ላመልክት። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ የቀሩት፣ ኒውዚላንድ በዘር መድልዎ ከምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ጋራ በራግቢ ስለ ተጫወተች ነው። ምሩጽ ይፍጠር በዚያ ምክንያት ዕድሉ አምልጦት እስከ 1972ቱ የሞስኮ ድል ድረስ ጠበቀ። መሥዋዕትነቱ ከባድ ቢሆንም ጉዳዩ የራሳችን የአፍሪካውያን ክብር ነበር። የሎስ አንጀለሱ ግን የሰው ጠብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ አይገባም።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከበዓሉ 40 ቀን ያህል በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የኬንያው ሙሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የተናገረበት የቆረም ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ዘፋኞች በለንደንና በፊላዴልፊያ ለረሃብተኞች ገንዘብ ሲሰበስቡ የዋሉት በሁለት ታላላቅ የስፖርት ሜዳዎች ውስጥ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ አገሮች ሚሊዮን ሰዎች ለአፍሪካ ረሃብተኞች ሮጡ፤ ኦማር ኸሊፋ የተባለው ሱዳናዊ ሯጭም ከአገሩ የተነሣውን ችቦ ኒውዮርክ ድረስ አደረሰ። የእኛን ሯጮች ከኦሊምፒክ ያስቀረው ፖለቲካ ሳለ ዓለም ስለ እኛ ሮጠ።

ከሁሉ የሚገርመው በአውሮፕላን ማረፊያዎቻችን የታየው ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ለመሮጥ ያልተስማሙት የምሥራቅና የምዕራብ መንግሥታት ስንዴ ለመጫን ተስማሙ። የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች፣ የሶቪዬት አንቶኖቮችና የምሥራቅ ጀርመን አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ በረሩ። እንግሊዞች መንገድ በሌለው ደጋ ላይ እህል ሲጥሉ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቦታውን ያዘጋጁላቸው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛውም ከደመወዙ ማዋጣቱን የጊዜው ጡረተኞች ያስታውሱታል፤ ርዳታው ሁሉ የባሕር ማዶ ነበር ማለት የእነርሱን ድርሻ መዘንጋት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልዲያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ሲኖር፣ ከጥርጊያው ርቆ በገደል ሥር ላለው የስማዳ ሰው ግን እህሉ የሚገኘው ተጉዞ ለመድረስ ጉልበት እስካለው ድረስ ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው በእግሩ ተጉዞ ከደረሰባቸው መጠለያዎች አንዱ ከላይ ጋይንት ጋራ የሚዋሰነው እብናት ነው። በአስር ሺህ የሚቆጠር ረሃብተኛ በዚያ ሰፍሮ ሳለ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. መጨረሻ ወታደሮች መጡና ዝናብ ጥሏልና ወደ አገራችሁ ሂዱ፣ እረሱ ብለው ሕዝቡን አስወጡት፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ከወጡት መካከል ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና በሽተኞች ነበሩ። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ የበላዮቹ ጥፋቱ የበታቾች ነው አሉ። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ቃል በደንብ እናውቀዋለን። ማን አዘዘ፣ ማን ፈረመ የሚለው ክርክር ግን በቀኑ በመንገድ ላይ ለወደቀው አልደረሰለትም። በዚያው ዘመን ከ500 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከድርቁ አገር ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቡርና ወደ ጋምቤላ ሰፈራ ተወሰደ። ወድዶ የሄደ አለ፤ እህል ሊቀበል ተሰልፎ ሳለ ተይዞ የተጫነም አለ።

ከዚህ በኋላ በጋይንትና በስማዳ ስለ ርዳታ የሚሰጠው አስተያየት ለምን ሁለት መልክ እንዳለው መረዳት አያዳግትም። አንዱ ምስጋና ነው፤ ፈረንጁ አይቶን ነበር ይላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው፤ ስም ሲመዘገብ ለእህል ይሁን ለሌላ ነገር ቀድሞ ማወቅ ይሻላል ይላል። የመጣበትን አገር ሳይጠየቅ ቁራሽ ይቀበል የነበረውን የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ርዳታን የሚያበላሸው የስንዴው ማነስ ብቻ አይደለም።

ስፖርቱስ? በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሴኡል ኦሊምፒክ ሲከፈት ግን ኢትዮጵያ ለሰሜን ኮርያ ወዳጅነት ስትል ቀርታ ነበርና በቤቱ ዋለ። ከሞስኮ ወዲህ በኦሊምፒክ ዳግመኛ የታየነው መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ በባርሴሎና ነው፤ ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደች። በ12ቱ ዓመት መካከል የስንት ሯጭ ጉልበት አለፈ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የልማት ሴፍቲኔት በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ገቡ። ረሃብ እስኪገደል ድረስ ሳይጠበቅ፣ ጉልበት ያለው ሰው በየወሩ ጥቂት ቀን እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበል የታሰበ ነው። ሐሳቡ ከ1977ቱ እጅግ ይሻላል። የሚጠቀመውን ሰው የሚመርጠው የቀበሌው ኮሚቴ ስለ ሆነ ግን የመንደሩ ፖለቲካ አብሮ ገባ። ኑሮው ተሻሽሏል ተብሎ ከመዝገብ የሚወጣውም ሰው «ተመረቀ» ይባላል። እናንተ የልጃችሁን ምረቃ በበግ ታከብራላችሁ፤ በስማዳ ግን ከሴፍቲኔት መመረቅ ማለት ክረምቱን ያለ ስፍር እህል መግባት በመሆኑ የተመረቀው ሰው ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ይሄዳል። ከዚያም ጉዳዩ ወደ ወረዳ፣ ቢቻልም ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። አቤቱታውን ያነበበ ጸሐፊ ቢኖር፣ ስንት ኪሎ ቀረብኝ የሚለው ጥያቄ ከታች ሰፍሮ፣ ስሜን ማን ሰረዘው የሚለው ከላይ ተጽፎ ያገኘዋል።