ስለ ግርሻ ትኩሳትና ከመርፌ በኋላ ስለሚመጣው ሥቃይ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ሰውነቱን የታመመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ነካኝ?» ብሎ ነው። መድኀኒቱን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ጥያቄ በደጋው አገራችን ከኖረ ስለ አንድ የቆየ በሽታ ነው፤ ይልቁንም ከሰቆጣ በስተምሥራቅ እስከ ኮረም ባለው የዋግ ደጋ የደረሰውን መከራ እያስታወስን እንነጋገራለን።

በሽታው ግርሻ ትኩሳት ይባላል። ሲይዝ ድንገት ነው። ሰውየው ጧት በደኅና ወደ እርሻው ወጥቶ ማታ እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ራሱን ይፈልጠዋል፤ ወገቡን ይቈርጠዋል፤ ጕልበቱና ባቱ በዱላ የተቀጠቀጠ ያህል ይሆንበታል። ጕበቱና ጣፊያው ስለሚያብጡ ከጐድኑ በታች በቀኝም ሆነ በግራ ሲነኩት ይጮኻል። አንዳንዱን ነስር ይነስረዋል፤ የአንዳንዱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ቀን እንዲህ ከሰነበተ በኋላ በላብ ተጠምቆ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ቤተ ሰቡም «ዳነልን» ብሎ ደስ ይለዋል። ሳምንት ያህል ቈይቶ ግን ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። ስሙም የወጣለት ከዚሁ የተነሣ ነው።

አስታማሚን ሁሉ ግራ ሲያጋባ የኖረው ይኸው መመላለሱ ነው። መጥቶ የሚቀረውን ሕመም ብርድ ነው፥ ምች ነው ማለት ይቻላል፤ ሄዶ የሚመለስ ሕመም ግን የተላከ እንጂ በራሱ የመጣ አይመስልም። ስለዚህ አንዱ በሽተኛውን ጠበል ይወስደዋል፤ አንዱ ወገቡን በዋገምት ያስመጥጠዋል፤ ሌላው ንዳድ ነው ይለዋል። ትኩሳቱ በስድስተኛው ቀን በራሱ ጊዜ ሲለቅ በአምስተኛው ቀን የተደረገው መድኀኒት ሁሉ ይመሰገናል፤ ሲያገረሽም «ሥርዐቱን ባይጠብቅ ነው» ተብሎ በሽተኛው ይወቀሳል። ይህን ስንል ግን አባቶቻችን ምንም አላስተዋሉም ማለታችን አይደለም። ተስቦ የሚለው ስም ራሱ፥ ሕመም ከሰው ወደ ሰው እየተሳበ የሚሄድ መሆኑን ቀድመው መረዳታቸውን የሚያሳይ ይመስለኛል። ተስቦና ግርሻ ትኩሳት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ቢሆኑም የሚሳቡበት መንገድ አንድ ነው፤ ወደ እርሱም እንመጣለን።

የሕመሙ ምክንያት መታወቅ የጀመረው በሩቅ አገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር 1868 የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ወጣት ሐኪም በበርሊን ከተማ የበሽተኞችን ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፥ እንደ ጠጕር የቀጠነና እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ነገር በደሙ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየ። ያየውን በጽሑፍ የገለጸው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያው በ1873 እርሱም በኮሌራ ሞተ። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነበር።

ተውሳኩ ታወቀ፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ግን አልታወቀም ነበር። በ1907 ማኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ቅማልን ተጠራጠረ። በ1912 ደግሞ ሻርል ኒኮል ከረዳቶቹ ጋራ በቱኒስ ሆኖ ነገሩን አጠራው። ይህ ሰው ተስቦም በቅማል እንደሚተላለፍ ቀደም ብሎ የገለጸና በኋላም በ1928 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ ነው።

በራዲዮ ስለ ቅማል መናገር ለጆሮ እንደማይመች አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ማፈር ራሱ በሽታውን ሲሸሽግ የኖረ ስለ ሆነ ልታገሡኝ ይገባል። የልብስ ቅማል የምትኖረው በሸማና በደበሎ ስፌት ውስጥ ነው። የበሽተኛውን ደም ስትጠጣ ተውሳኩን ትወስዳለች፤ ሆኖም ስትነክስ መልሳ አትተፋውም። ተውሳኩ በሰውነቷ ውስጥ እንደ ተዘጋበት ይኖራል፤ የሚወጣውም እርስዋ ስትጨፈለቅ ነው። እናት ለልጇ ተጨንቃ፥ ከልብሱ ስፌት ቅማሉን እየለቀመች በጥፍሯ ስትጨፈልቅ፥ ያ ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በታሸ ዓይን ይገባል። ሌላም ነገር አለ፤ ቅማል ብርቱ ትኩሳት አትወድም። የሰውየው ገላ እንደ እሳት ሲነድ፥ ወይም ሞቶ ሲቀዘቅዝ፥ ትታው በአጠገቡ ወደ ተኛው ሰው ትሄዳለች።

እንግዲህ በሽታው ከቆላ ይልቅ በደጋ የሚጸናበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። በደጋ ብርድ አለ፤ ብርድ ባለበት ልብስ ይደረባል፥ ሌሊትም ተጠጋግቶ ይተኛል። ውሃው ከሩቅ የሚቀዳ፥ ማገዶውም ውድ ከሆነ ልብስ መቀቀል ለድኻ የሚቻል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የታየው በ1977 ዓ.ም. በኮረም ነው። ኮረም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በድርቁና በጦርነቱ ምክንያት ቀዬውን የለቀቀው ሕዝብ ከዋግና ከአካባቢው እየተጓዘ በሺሕ የሚቈጠር ሆኖ በሜዳዋ ላይ ሰፈረ። ማይክል በርክና ሙሐመድ አሚን በጥቅምት ወር ያነሡት የቴሌቪዥን ፊልም ያንን ሜዳ ለዓለም አሳየ፤ ዓለምም አለቀሰ፥ እህልም ላከ። ፊልሙ ያላሳየው ግን ብዙ ነበር። ረኃብተኛው ብርዱን ለመቋቋም በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሦስትና አራት ሆኖ ሲተኛ፥ ተስቦና ግርሻ ትኩሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። በዚያ ይሠሩ ለነበሩት ሐኪሞች፥ ከእነርሱም መካከል ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር፥ እህል ማደል ብቻውን የማይበቃ ነገር ሆነባቸው።

በሽታው ሳይታከም ሲቀር በወረርሽኝ ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 40 የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል። ሲታከም ግን የሚሞቱት ከመቶ ከ5 አይበልጡም። መድኀኒቱም ረቂቅ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ነው። ይህን የመሰለ ቀላል መድኀኒት ያለው በሽታ ለምን ያስፈራል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ከመርፌው በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው።

መርፌው ከተወጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በሽተኛው አልጋው እስኪነቃነቅ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቱ ከቀድሞው ይብሳል፤ ይቃዣል፤ ቁርጥማቱ ይበረታበታል። ከዚያም የደሙ ግፊት ይወርዳልና በዚህ ሰዓት ከአልጋው ተነሥቶ ቢቆም ሊወድቅ፥ ሊሞትም ይችላል። ይህን በዓይኑ ያየ አስታማሚ «መርፌው ገደለው» ቢል ማን ይፈርድበታል? እኔ በበኩሌ ያየውን ተናገረ እንጂ አላዋቂ ነው አልለውም።

ይህን ሥቃይ ለመረዳት አዲስ አበባ ለዓለም ያበረከተችው ድርሻ በሚገባ አልተነገረም። በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ብራይስሰን፥ ፓሪና ባልደረቦቻቸው በከተማዋ 62 የግርሻ ትኩሳት በሽተኞችን አልጋ አጠገብ ተቀምጠው መረመሩ፤ ጥናታቸውም በ1970 ታተመ። መርፌው ተውሳኩን ከደም ውስጥ ባንድ ጊዜ ሲያጠራ የሰውነት መከላከያ እንደሚቈጣ ታወቀ። ቈይቶም ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ያደረጉት ጥናት በ1988 ዓ.ም. ታተመ። እነርሱም የሰውነት ሕዋሳት በቍጣቸው ጊዜ የሚያመነጩትን አንዱን ንጥረ ነገር አስቀድመው ቢያግዱት ምን እንደሚሆን ፈተኑ። እገዳው ካልተደረገላቸው 29 በሽተኞች 26ቱ ያ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያዛቸው፤ ከተደረገላቸው 20 ግን ዐሥሩን ብቻ ያዛቸው። እንግዲህ ከመርፌ በኋላ የሚመጣው ሥቃይ ከመርፌው መርዝ የመጣ ሳይሆን፥ ሰውነት ጠላቱን ሲጥል የሚያደርገው ትግል መሆኑ በአገራችን በሽተኞች ተመሰከረ።

በጥናቱ የተፈተነው ማገጃ ለየጤና ጣቢያው የሚዳረስ አልሆነም። ለየጤና ጣቢያው የደረሰው ዕውቀቱ ነው፤ ይኸውም በሽተኛውን አንድ ቀንና ሌሊት ሳያስነሡ ማስተኛት፥ ፈሳሽ መስጠት፥ ቤተ ሰቡን ጠርቶ «አሁን ይብስበታል፥ አትደንግጡ» ብሎ አስቀድሞ መንገር፥ ልብሱንም መቀቀል ነው። ያልተቀቀለ ልብስ ለብሶ የሚወጣ በሽተኛ ዳነ አይባልም።

ከዚያም ወዲያ የተረፈ ሰው የሚበላው ያስፈልገዋል። መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በሰቆጣ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። ስሙ ለከተማይቱ ክብር ነው ወይስ ወቀሳ? ሁለቱም ይመስለኛል። ቃሉ ከተገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣ ተጠልሎ፥ ብዙ ሰው በጠባብ መጠለያ አብሮ ሲያድር አየን።

ግርሻ ትኩሳት በየሳምንቱ ሪፖርት እንዲደረግባቸው ከተመረጡት የአገራችን በሽታዎች መካከል ተመዝግቧል። ከአንድ የደጋ ወረዳ አንድ በሽተኛ ብቻ ተብሎ ሪፖርት ቢመጣ፥ ወረቀቱን የተቀበለው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወደ መዝገብ ከመመለሱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፥ ያ ሰው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት እንዳደረና ከማን ጋራ አንድ ልብስ ለብሶ እንደ ተኛ ነው።