ኩሽኔታ እና ፕላዝማ

ፕላዝማ በ1996 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ እኛ የቦሌና የየካ ልጆች ፊዚክስን ሁለት ቦታ እንማር ነበር። አንዱ ክፍል ውስጥ። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ ነበር። ቲቪው ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቀናል፣ ከዚያ አንድም ሰው ባይመልስ «ዌል ደን!» ይለናል። መምህሩም ጥግ ይዞ እንደኛው ያያል። ሙከራውን የሚሠራው ቲቪው ነው። (ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራ ማየቱም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይህን አንክድም።)

ሁለተኛው ክፍላችን ቁልቁለቱ ነው። ኩሽኔታ ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ሲተረጎም «ትንሽ ትራስ»። ካረጀ መኪና የወጣ ኩሽኔታ ከጋራዥ እንለምናለን፣ ካልሆነም ምናለሽ ተራ ድረስ ወርደን እንገዛለን። ከዚያ ሳንቃ፣ ምስማር፣ ለመሪ የሚሆን ገመድ። ንድፍ የሚሰጥ የለም፤ ውድድር ግን አለ፦ ሳይገለበጥ ቀድሞ ታች የሚደርስ ማነው?

እዚህ ጋ ነው ፊዚክሱ የሚጀምረው። ግራሶ የተቀባ ኩሽኔታ ለምን ይፈጥናል? ውስጡ ያሉት ብረት ኳሶች ስለሚንከባለሉ ነዋ፤ መንከባለል ከመንሸራተት ያነሰ ሰበቃ አለው። ፍሬናችን ደግሞ የጫማችን ሶል ነው። ሰበቃ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ያወቅነው በእግራችን ነው፤ እናቶቻችን ደግሞ በጫማ ወጪ። ከፊት የሚቀመጠው ልጅ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጋሪው ለምን እንደሚረጋጋ ለመረዳት ስንቴ ተገልብጠናል መሰላችሁ!

በነገራችን ላይ የቦሌ ልጆች በዚህ ይጎዱ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲያመጣ የልደታ ማረፊያ ስላልበቃው ነው ቦሌ የተመረጠችው፤ ለአውሮፕላን የተመቸ ሜዳ ደግሞ ለኩሽኔታ አይመችም። እነሱ ሲገፉ፣ የየካ ተራራ ሥር ያሉት በነጻ ይወርዳሉ።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው ነገር ትምህርት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዉዲ ፍላወርስ የተባለ የኤም.አይ.ቲ. መምህር ለተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ቁርጥራጭ ዕቃ እያደለ «ማሽን ሥሩና ተወዳደሩ» ይል ነበር። ከእኛ የሚለየው ማርክ መስጠቱ ነው። እኛ ዘንድ ማርክ ያለው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ዘንበል ያለ ወለል ላይ ስላለ ሳጥን በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ሰፈር ውስጥ ኩሽኔታ በመሥራት የሚያህላቸው የሌለ ልጆች እዚያ ሳጥን ላይ ወድቀው ቀሩ። ሳጥኑን ከጋሪያቸው ጋር ያገናኘላቸው ሰው አልነበረም፤ መምህሩ ቢፈልግ እንኳ ቲቪው ጊዜውን ወስዶበታል።

በ2000ዎቹ ኮብልስቶን የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችንን ያለብስ ጀመር። ጭቃው ቀረ፣ ተመስገን። ኩሽኔታ ግን ትንሽ ናት፤ በሁለት ድንጋይ መካከል ትወድቃለች፣ ትልቅ ጎማ የሚሻገረውን ክፍተት አትሻገርም። ታናናሾቻችን ሳንቃውን ይዘው አስፋልት ፍለጋ ወጡ፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሚኒባስ አለ።